ጋውኑን ይልበስ፣ ዲፕሎማው ይቆይ

ጥያቄ፦ «የምንኖረው ሲያትል አካባቢ ነው። ልጄ 18 ዓመቱ ነው፣ ኦቲዝም አለው፣ ዘንድሮ 12ኛ ክፍል ነው። ከጁን በኋላ ትራንዚሽን ፕሮግራም ገብቶ እስከ 22 ዓመቱ እንደሚቀጥል ተነግሮናል። የምረቃውን ነገር ስጠይቅ ግን ‹እሱ ገና አልጨረሰም፣ ሲጨርስ ይመረቃል› አሉኝ። ከትንሽነቱ ጀምሮ አብረውት የተማሩት ልጆች በጁን ይመረቃሉ። ጋውናቸውን አይቶ ‹የኔስ?› ይለኛል። ዘመዶቼ ‹ጋውን ከለበሰ ተመረቀ ብለው አገልግሎቱን ሁሉ ይቆርጡበታል፣ ዝም በይ› ይላሉ። ባለቤቴ ደግሞ ‹ዲፕሎማውን ይስጡትና እንገላገል› ባይ ነው። ፈርሚ የተባልኩት ወረቀት አለ፣ እስካሁን አልፈረምኩም። ልጄ ጫጫታም አይወድም። ምን ላድርግ?»

ልጅዎ በጁን ከእኩዮቹ ጋር ጋውን ለብሶ መድረክ ላይ መውጣት ይችላል። ይህ የርዕሰ መምህሩ ቸርነት አይደለም፣ የዋሽንግተን ስቴት ሕግ ነው። መድረክ ላይ በመውጣቱም አገልግሎቱ አይቆረጥም። የዘመዶችዎ ፍርሃት ግን ከሜዳ የመጣ አይደለም። አገልግሎት የሚያስቆርጥ ነገር በእርግጥ አለ። እሱም ባለቤትዎ ቶሎ ይስጡት የሚሉት ዲፕሎማ ነው።

ግራ መጋባቱ በከፊል ከቋንቋችን የመጣ ይመስለኛል። «ተመረቀ» ስንል ሁለት ነገር በአንድ ቃል እንጠቀልላለን። አንደኛው ጋውን ለብሶ፣ ስሙ ተጠርቶ፣ ቤተሰቡ እልል ብሎለት ፎቶ መነሣቱ ነው። ሌላው ትምህርቱን ጨርሶ ማስረጃውን መያዙ ነው። አገር ቤት አፀደ ሕፃናት የጨረሰ የስድስት ዓመት ልጅ ጋውን ይለብሳል። ዘመድ ኬክ ይቆርሳል። ከዚያ በኋላ ግን «ትምህርቱን ጨረሰ» ብሎ ከቤት የሚያስቀረው የለም። የአሜሪካ ሕግም በዓሉንና ማስረጃውን እንዲሁ ለያይቶ ነው የሚያያቸው። በዓሉ ሕጋዊ ውጤት የለውም። ማስረጃው አለው።

ከማስረጃው እንጀምር። አይዲኢኤ የሚባለው የፌዴራል የልዩ ትምህርት ሕግ መሠረቱ የተጣለው በ1975 ነው። በዚህ ሕግ አይኢፒ፣ ማለትም ለልጁ ብቻ የተጻፈ የልዩ ትምህርት ዕቅድ፣ ያለው ልጅ ለእሱ የተስማማ ትምህርት በነጻ የማግኘት መብት አለው። መብቱ የሚያበቃው በዋናነት በሁለት መንገድ ነው። አንዱ ዕድሜው ሲያልፍ ነው። ሁለተኛው መደበኛውን የሁለተኛ ደረጃ ዲፕሎማ ሲቀበል ነው። «መደበኛ» የምትለዋን ቃል አጥብቀው ይያዙ። የመገኘት ሰርተፊኬት፣ የማጠናቀቂያ ሰርተፊኬት፣ ዲፕሎማን የሚተካው የጂኢዲ ፈተና ማስረጃም ቢሆን በዚህ ሕግ መደበኛ ዲፕሎማ አይባሉም። ስለዚህ መብቱን አይዘጉም። መደበኛው ዲፕሎማ ግን ይዘጋዋል። ልጁ ገና 18 ዓመቱ ቢሆንም፣ አውቶቡስ ለብቻው መሳፈር ባይችልም፣ ወረቀቱን ከተቀበለ ትምህርት ቤቱን የሚያስተዳድረው ዲስትሪክት ግዴታ እዚያ ላይ ያበቃል።

አሁን ባለቤትዎ ያሉትን እንየው። ድካማቸው ይገባኛል። ከሦስት ዓመቱ ጀምሮ ስብሰባ፣ ወረቀት፣ ክርክር ያየ አባት «ይበቃል» ቢል አይፈረድበትም። ነገር ግን ልጁ በትራንዚሽን ፕሮግራም ከአሁን እስከ 22 ዓመቱ የሚያገኛቸውን ያስቡ። የሥራ ልምምድ አለ። በአውቶቡስ የመሄድ ስልጠና አለ። ገበያ ወጥቶ መግዛት፣ ምግብ ማብሰል፣ ገንዘብ መያዝ አለ። እንደ ፍላጎቱ የንግግር ሕክምናም ሊኖር ይችላል። ይህ ሁሉ ነጻ ነው፣ ዲስትሪክቱም በአይኢፒው ላይ የተጻፈውን ማቅረብ ግዴታው ነው። ከትምህርት ቤት ከወጡ በኋላ ያለው የአዋቂዎች አገልግሎት ግን ሌላ ዓለም ነው። እዚያ ማመልከቻ አለ፣ መመዘኛ አለ፣ በጀት አለ፣ ወረፋ አለ። ማንም «ግዴታዬ ነው» ብሎ በርዎን አያንኳኳም። እነዚህን ዓመታት በፈቃድ መተው ለልጁ የተቀመጠለትን ገንዘብ ሳይቆጥሩ እንደ መመለስ ነው።

ዕድሜውን በተመለከተ በዋሽንግተን በቅርቡ ለውጥ አለ። ቀድሞ አገልግሎቱ የሚያበቃው ተማሪው 21 ዓመት የሞላበት የትምህርት ዓመት ሲያልቅ ነበር። በ2024 የፌዴራል ይግባኝ ፍርድ ቤት በዚህ ጉዳይ ለተማሪዎች የሚያደላ ውሳኔ ሰጠ። አሁን ጣሪያው 22 ሆኗል። ስለዚህ ከጥቂት ዓመታት በፊት ልጇን ያስጨረሰች ጎረቤት «21 ሲሞላው ይወጣል» ብትልዎት ያኔ እውነቷን ነበር። የልጅዎ የመጨረሻ ቀን መቼ እንደሆነ ግን በቃል አይቀበሉ። በአይኢፒው ላይ ቀኑ ይጻፍ።

ወደ በዓሉ ልምጣ። ዋሽንግተን ከ2007 ጀምሮ «የኬቨን ሕግ» የሚባል ሕግ አላት። በስቴቱ የሕግ መድብል ቁጥሩ አርሲደብሊው (RCW) 28ኤ.155.170 ነው። የሚለው ግልጽ ነው። ሁለተኛ ደረጃ ያለው ማንኛውም ዲስትሪክት በአይኢፒ የሚማርና ከ18 ዓመቱ በኋላም አገልግሎቱን የሚቀጥል ተማሪ፣ አራት ዓመት ሁለተኛ ደረጃ ከተማረ በኋላ፣ ከዕድሜ እኩዮቹ ጋር በምረቃው ሥነ ሥርዓትና በተያያዙ ዝግጅቶች እንዲሳተፍ የሚፈቅድ መመሪያ ማውጣት አለበት። ተማሪው የመገኘት ሰርተፊኬትም ይቀበላል። ሕጉ እዚያ ላይ አላቆመም። መሳተፉና ሰርተፊኬቱን መቀበሉ አገልግሎቱን ከመቀጠል እንደማያግደው ይናገራል። ዲፕሎማ እንደተቀበለ ተደርጎ እንደማይቆጠርም ይናገራል። የዘመዶችዎ ስጋት መልስ ያገኘው እዚያው ሕጉ ላይ ነው ማለት ነው።

«ዝግጅቶች» የሚለውን ቃል አይለፉት። ነገሩ መድረክ ላይ ብቻ አያልቅም። ልምምዱም፣ ሲኒየሮቹ አብረው የሚያደርጓቸው የምረቃ ዝግጅቶችም አሉ። ሌሎቹ ሁሉ ፎቶ ከተነሡ በኋላ ስለ ልምምዱ የሚነገራቸው ልጆች አይቻለሁ።

ታዲያ ትምህርት ቤቱ ለምን «ሲጨርስ ይመረቃል» አለ? አብዛኛውን ጊዜ ተንኮል አይደለም። የመለሰልዎት ሰው ክሬዲት የሚቆጥር ካውንስለር ሊሆን ይችላል። ዋሽንግተን ለዲፕሎማ 24 ክሬዲት ትጠይቃለች። እሱ ኮምፒውተሩን ከፍቶ 24 ካልሞላ «አልጨረሰም» ይላል። በእሱ ሙያ ትክክል ነው። የኬቨን ሕግ የተጻፈው ግን ላልጨረሱት ነው። ስለዚህ ካውንስለሩን ከመከራከር ይልቅ የልጁን አይኢፒ የሚከታተለውን ኬዝ ማኔጀርና የዲስትሪክቱን የልዩ ትምህርት ክፍል ይያዙ።

በስልክ አይደለም፣ በኢሜይል። ረጅም መሆን የለበትም። «ልጄ በዚህ ዓመት አራተኛ የሁለተኛ ደረጃ ዓመቱን ይጨርሳል። በኬቨን ሕግ መሠረት በጁን ሥነ ሥርዓት እንዲሳተፍና የመገኘት ሰርተፊኬት እንዲሰጠው እንጠይቃለን። መደበኛ ዲፕሎማ አንጠይቅም። የትራንዚሽን አገልግሎቱ ይቀጥላል። የዲስትሪክቱን የኬቨን ሕግ መመሪያ ቅጂ ይላኩልን። የአይኢፒ ስብሰባ ይጠራልን፣ የአማርኛ አስተርጓሚም ይዘጋጅ።» ይኸው ነው። የመጨረሻዋ ዓረፍተ ነገር ትርፍ አይደለችም። ወላጅ በአይኢፒ ስብሰባ የሚባለውን እንዲረዳ ማድረግ፣ አስተርጓሚ ማቅረብን ጨምሮ፣ የትምህርት ቤቱ ግዴታ ነው። ታናሽ እህት ካለችው እሷን አስተርጓሚ አድርገው አይውሰዱ። የ14 ዓመት ልጅ የወንድሟን የወደፊት ሕይወት በሁለት ቋንቋ መሸከም የለባትም።

ያልፈረሙት ወረቀት ምን እንደሆነ አልነገሩኝም፣ ይህ ደግሞ ወሳኝ ነው። በማኅበረሰባችን የተለመደ አንድ እምነት አለ፦ «ካልፈረምኩ ምንም ማድረግ አይችሉም» የሚል። እዚህ ላይ ይሳሳታሉ። በዋሽንግተን የወላጅ የጽሑፍ ፈቃድ የሚያስፈልገው ልጁ ለመጀመሪያ ጊዜ አገልግሎት ሲጀምር ነው። ከዚያ በኋላ ባሉት ዓመታዊ አይኢፒዎች ላይ ፊርማዎ በስብሰባው መገኘትዎን እንጂ መስማማትዎን አያሳይም። ባይፈርሙም ዲስትሪክቱ አይኢፒውን ሥራ ላይ ማዋል ይችላል። ዝምታ ተቃውሞ ሆኖ አይቆጠርም። ካልተስማሙ «አልተስማማሁም፣ ምክንያቴ ይህ ነው» ብለው መጻፍ አለብዎት።

በወረቀቱ ላይ መጀመሪያ የሚፈልጉት አንድ መስመር ነው፦ የታሰበው የምረቃ ቀንና የማስረጃው ዓይነት። «መደበኛ ዲፕሎማ፣ ጁን፣ ዘንድሮ» የሚል ካዩ ይቁሙ። ልጅን በመደበኛ ዲፕሎማ አስመርቆ ማስወጣት በሕጉ የምደባ ለውጥ ነው። ዲስትሪክቱ ከማድረጉ በፊት፣ በቂ ጊዜ ሰጥቶ፣ ምክንያቱን ዘርዝሮ፣ በሚገባዎት ቋንቋ የጽሑፍ ማሳወቂያ መስጠት አለበት። በማሳወቂያው ካልተስማሙ ዲፕሎማው ከመሰጠቱ በፊት ዱ ፕሮሰስ የሚባለውን፣ በገለልተኛ ዳኛ ፊት የሚታይ ክርክር መክፈት ይቻላል። ክርክሩ እስኪያልቅ ልጁ ባለበት አገልግሎት ይቆያል። «ከመሰጠቱ በፊት» ያልኩት ሆን ብዬ ነው። ከተሰጠ በኋላ ወደኋላ መመለስ እጅግ ከባድ ነው።

ሌላም የረሱት ነገር ሊኖር ይችላል። ልጅዎ 18 ሞልቶታል። በትምህርት ጉዳይ የመወሰን መብቱ ከእርስዎ ወደ እሱ ተላልፏል። አስቂኝም አሳዛኝም ነው፣ ግን እስካሁን ስለ እሱ ስንነጋገር ሕጉ መጀመሪያ የሚጠይቀው እሱን ነው። «የኔስ?» ማለቱን እንደ ዋዛ አይዩት። በአይኢፒ ስብሰባው ላይ ራሱ ቢለው ከእኔ አንድ ገጽ ምክር የበለጠ ይሠራል። በቃል መግለጽ ካስቸገረው በሥዕል፣ በታብሌት፣ በቪዲዮ ይግለጽ። አንዳንድ ሰው «ቶሎ ፍርድ ቤት ሄደሽ አሳዳጊነት አውጪ» ይልዎት ይሆናል። አይቸኩሉ። ዋሽንግተን በድጋፍ የመወሰን ስምምነትን ትቀበላለች፣ ለትምህርት ጉዳይ ብቻ ተወካይ የሚሰየምበት መንገድም አለ። አሳዳጊነት የልጁን መብት የሚቀንስ ከባድ እርምጃ ነው፣ ሌላው ሳይሞከር አይወሰድም።

ስለ ጫጫታው። ሪሃቢሊቴሽን አክት የሚባለው የ1973 ሕግ ክፍል 504 እና የ1990ው የአሜሪካ የአካል ጉዳተኞች ሕግ ትምህርት ቤቱ በዝግጅቶቹም ላይ ተገቢ ማመቻቸት እንዲያደርግ ያስገድዳሉ። ለእንደ ልጅዎ ዓይነቱ የሚሠራው ብዙ ወጪ የሌለው ነገር ነው። ከመስመሩ ጫፍ፣ ለመውጫው ቅርብ ወንበር። የሚያምነው ረዳት ከጎኑ። ጆሮ የሚሸፍን ማዳመጫ፣ ከፈለጉ የጋውኑ ቀለም ያለው። ስሙ ሊጠራ ሲል ገብቶ፣ ተቀብሎ፣ ወዲያው መውጣት። ባዶ አዳራሽ ውስጥ ቀድሞ ሁለት ሦስቴ መለማመድ። ጋውኑንም ቀድመው ያምጡና ቤት ውስጥ ይልበሰው። ስስ ጨርቁ፣ የካፑ ጥበት፣ ፊቱ ላይ የሚወዛወዘው ክር ለአንዳንድ ልጆች ከጭብጨባው ይብሳል። ካፑን እምቢ ካለ ያለ ካፕ ይውጣ። ማመቻቸቱ ሁሉ ግን ተጽፎ ይያዝ፣ በዕለቱ በር ላይ የሚቆመው ሰው አይኢፒ አላነበበምና።

የማይቀበሉትም አለ። ለብቻው በሌላ ቀን፣ በክፍሉ ውስጥ በኬክ «እናስመርቀው» ቢሉ እምቢ ይበሉ። ስሙ ከሌሎቹ ተለይቶ መጨረሻ ላይ ቢጠራ፣ ወይም በፕሮግራሙ ወረቀት ላይ በስሙ ጎን ምልክት ቢደረግ ተቃወሙ። ከዓመታት በፊት በተገኘሁበት አንድ ምረቃ፣ በዊልቸር የምትሄድ ተማሪ መወጣጫ ስላልተዘጋጀላት ወረቀቷን ከመድረኩ በታች ሰጥተዋት አለፉ። ቤተሰቧ አበባ ይዞ ከፊት ተቀምጧል። ማንም ክፉ ሰው አልነበረም። መድረኩን ላዘዘው ሰው ማንም አልነገረውም፣ ያ ብቻ ነው። ይህን የሚያስቀረው ከሳምንታት በፊት የሚላክ ኢሜይል ነው።

የመብቱን ድንበርም ይወቁት። የአሜሪካ ፍርድ ቤቶች ባጠቃላይ በምረቃ ሥነ ሥርዓት ላይ መገኘትን ለማንም ተማሪ ሕገ መንግሥታዊ መብት አድርገው አይቆጥሩትም። ልጅዎን የሚጠብቁት የስቴቱ ሕግና በጉዳት ምክንያት ማግለልን የሚከለክሉት የፌዴራል ሕጎች ናቸው። ለሁሉም እኩል የሚሠራ ደንብ፣ ልምምድ ላይ መገኘትን የመሰለ፣ ለእሱም ይሠራል፣ ለእሱ ካስቸገረ ደግሞ ይመቻቻል። የኬቨን ሕግ አይኢፒ ለሌለውና 504 ፕላን ብቻ ላለው ተማሪ አልተጻፈም። ዘንድሮ መድረክ ላይ ከወጣ ደግሞ በ22 ዓመቱ ከሌላ የተማሪዎች ስብስብ ጋር ሁለተኛ መድረክ ይኖረዋል ብለው አይቁጠሩ። እኔ ብሆን ግን የዘንድሮውን አላሳልፍም። በ22 ዓመቱ አብረውት የሚቆሙትን ልጆች አያውቃቸውም።

የመገኘት ሰርተፊኬቱንም ከሆነው በላይ አያድርጉት። የሥራ ማመልከቻ ላይ «ዲፕሎማ አለህ?» ለሚለው «አዎ» አያሰኝም። በተለመደው መንገድ ለኮሌጅ የፌዴራል ገንዘብ አያስገኝም። የአእምሮ ዕድገት ውስንነት ላለባቸው ተማሪዎች ግን በ2008 በወጣ ሕግ፣ ፈቃድ ባላቸው የኮሌጅ ፕሮግራሞች ውስጥ ዲፕሎማ ሳይኖርም ፔል ግራንት የሚባለው የማይመለስ የፌዴራል የትምህርት ድጋፍ የሚገኝበት መንገድ ተከፍቷል። ኦቲዝም ብቻውን እዚያ አያስገባም። ስለዚህ በስብሰባው ላይ ይህን ይጠይቁ፦ «ከ24ቱ ክሬዲት ስንት አለው? ቀሪውን እስከ 22 ዓመቱ ሊጨርስ ይችላል?» መልሱ «ይችላል» ከሆነ ዲፕሎማው በትራንዚሽኑ መጨረሻ የሚመጣ ግብ ሆኖ ይጻፍ። በርዕሱ «ይቆይ» ያልኩት ይቅር ማለቴ አይደለም። ሊደርስበት የሚችልን ልጅ በሰርተፊኬት መሸኘት ሌላ በደል ነው፣ እሱም ብዙ ጊዜ በእኛ ልጆች ላይ ይደርሳል።

በሌላ ስቴት ያሉ አንባቢዎች ይህን እንዳለ ገልብጠው አይላኩ። ካሊፎርኒያ፣ ኢሊኖይ፣ ፔንሲልቬንያና ቴክሳስ ተመሳሳይ ሕግ አላቸው፣ ዝርዝሩ ግን ይለያያል። ቴክሳስ ለምሳሌ አንድ ጊዜ ብቻ ነው የምትፈቅደው። ቨርጂኒያ ያላችሁ ደግሞ «አፕላይድ ስተዲስ ዲፕሎማ» የሚለው ስም አያስደንግጣችሁ። ዲፕሎማ ይባል እንጂ መደበኛው አይደለም፣ አገልግሎትን አያስቆምም።

ኢሜይልዎ መልስ ካላገኘስ? እዚህ ላይ ቀን መቁጠር ያስፈልጋል። ለስቴቱ የትምህርት ቢሮ፣ ለኦኤስፒአይ፣ የሚቀርብ አቤቱታ እስከ አንድ ዓመት ድረስ ይቻላል፣ ውሳኔው ግን 60 ቀን ይወስዳል። ለፌዴራሉ የሲቪል መብቶች ቢሮ 180 ቀን አለዎት፣ እሱም ቶሎ አይመለስም። ምረቃው ስድስት ሳምንት ሲቀረው በእነዚህ ብቻ ከተማመኑ ጋውኑ በፍርድ ወረቀት ላይ እንጂ በልጅዎ ትከሻ ላይ አይሆንም። ስለዚህ አንድ ሳምንት ይጠብቁ። ካልመለሱ በቀጥታ ለዲስትሪክቱ ሱፐርኢንቴንደንት ይጻፉ። ያንኑ ቀን ለስቴቱ የትምህርት እንባ ጠባቂ ቢሮ ይደውሉ። አገልግሎቱ ነጻ ነው፣ አስተርጓሚ ያቀርባሉ፣ ጠበቃ ሳይሆኑ ያደራድራሉ። ፔቭ የሚባለው የወላጆች ድርጅትም በዚሁ ስቴት ወላጆችን በነጻ ያግዛል። አቤቱታውን ጎን ለጎን ያስገቡት።

መልሱን እየጠበቁ ጋውኑን ይዘዙ። ማዘዣው ብዙ ጊዜ ከምረቃው ሳምንታት በፊት ይዘጋል፣ «መጠኑ አልቋል» የሚለውን ምክንያት ደግሞ ማንም እንዲሰጥዎት አይፈልጉም።